የተማሪዎች ምርጫና የፍርድ ቤት ሥልጣን

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ብለው ተርተዋል። ነገሩን ለመረመረው ሰው ታላቅ እውነት አለበት። በቅሎ የሰው ሀብትና ክብር ናት፤ ጭብጦ ግን የአንድ ቀን ስንቅ ናት። ይሁን እንጂ ሰው በቅሎውን በዳኛ ፊት ተሟግቶ፥ ምስክር አሰምቶ፥ ቃሉን ተናግሮ የተረታ እንደሆነ፥ ምንም ቢያዝን «ተፈርዶብኛል» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ጭብጦውን ግን ማንም ምክንያቱን ሳይነግረው የነጠቀው እንደሆነ፥ የሚያንገበግበው የጭብጦዋ ማነስ ሳይሆን ሰው ሆኖ አለመቈጠሩ ነው።

የዛሬው የሰንበት ጽሑፋችን ስለ አንዲት ጭብጦ ነው። ይህችውም በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማኅበር ውስጥ የምትገኘው ወንበር ናት። ወንበሯ ደመወዝ የላትም፤ ዘመኗም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት አያልፍም። ሥልጣኗ ቢበዛ ስለ ምግብ አዳራሹ፥ ስለ መኝታ ቤቱ፥ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት፥ ተማሪውም በደል ሲደርስበት ስለ እርሱ ሆኖ ለመናገር ነው። ነገር ግን ድምፅ ተሰጥቶ፥ ቆጠራው አጠራጥሮ፥ አንዱ «አሸነፍሁ»፥ ሌላው «ተሰረቅሁ» ባለ ጊዜ የሚነሣው ጠብ ከወንበሯ እጅግ ይበልጣል። በልዩ ልዩ አገሮች ይህ ጠብ እስከ ታላላቆቹ ፍርድ ቤቶች ደርሷል። በዚያ የተሰጡት ፍርዶች ለተማሪውም ለወጣቱም ሹም ብዙ የሚያስተምሩ ስለሆኑ፥ ጥቂቶቹን እየጠቀስን አሳባችንን እንገልጻለን። ዓመታቱን የምናወጣው በእኛው አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄውን በግልጽ እናቁም። የተማሪዎች ምርጫ ክርክር ሲነሣበት ዳኛው ማን ነው? ሦስት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዳንዶች «ጉዳዩ የተማሪዎች ነውና፥ ተማሪዎች ራሳቸው ያቆሙት አስመራጭ ኮሚቴ ይፍረድ» ይላሉ። ሌሎች «ግቢውን የሚያስተዳድረው ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ የመጨረሻው ቃል የአስተዳደሩ ነው» ይላሉ። የቀሩት ደግሞ «ሁለቱም ወገኖች በነገሩ ውስጥ ጥቅም አላቸውና፥ ከግቢው ውጭ ያለ፥ ማንንም የማይፈራ ዳኛ፥ ይኸውም ፍርድ ቤት ይመልከተው» ይላሉ። በየመልሱ ውስጥ እውነት አለ። ስሕተቱ አንዱን ይዞ ሌሎቹን መጣል ነው።

የእኛ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። በተማሪዎች ምርጫ ክርክር የፍርድ ቤት ሥራ አሸናፊውን መምረጥ አይደለም። ደንቡ ከድምፁ በፊት የቆመ መሆኑን፥ የተከሰሰው ወገን የተሰማ መሆኑን፥ ውሳኔውም ከነምክንያቱ የተሰጠ መሆኑን መመርመር ነው። ይህም ምርመራ የወንበሩ ዘመን ሳያልቅ መፈጸም አለበት።

ነገሩን በሥራ ላይ ለማየት ወደ ህንድ እንሻገር። በህንድ አገር የተማሪዎች ማኅበር ምርጫ እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ታላላቆቹ የፖለቲካ ፓርቲዎች በየዩኒቨርሲቲው የተማሪ ክንፍ አላቸው። በተማሪነታቸው ዘመን የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት አሩን ጄትሊ ኋላ የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል። ወንበሯ የትልቅ መሰላል የመጀመሪያ እርከን ናትና፥ ገንዘቡም፥ ጉልበቱም፥ ጩኸቱም በዚያው መጠን ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በ226ኛው አንቀጽ፥ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የሕዝብ ሥልጣን የያዘውን አካል «ይህን አድርግ፥ ያንን ተው» ብለው እንዲያዙ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። በመንግሥት ሕግ የቆመ ዩኒቨርሲቲም ከዚህ ትእዛዝ አያመልጥም።

በደቡብ ህንድ የኬራላ ዩኒቨርሲቲና የኮሌጆች ርእሳነ መምህራን ምክር ቤት ስለ ተማሪዎች ምርጫ አካሄድ የያዙት ሙግት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በኅዳር ወር 1998 ዓ.ም. ነገሩን የሚያጠና ኮሚቴ እንዲቋቋም አዘዘ። ሰብሳቢው ቀድሞ የአገሪቱ የምርጫ ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር የነበሩት ጄምስ ማይክል ሊንግዶ ሆኑ። ኮሚቴው ጥናቱን ካቀረበ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በነሐሴ 1998 ዓ.ም.፥ በኡጄን ከተማ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ በማኅበር ምርጫ ምክንያት ሁከት ተነሥቶ አንድ መምህር ሕይወታቸውን አጡ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ወር ሳይሞላ፥ መስከረም 12 ቀን 1999 ዓ.ም.፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኮሚቴው አሳብ በሥራ ላይ እንዲውል አዘዘ።

የመመሪያው ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው። ለመመረጥ የሚቀርብ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ዕድሜው ከ17 እስከ 22 ይሁን፤ የምርምር ተማሪ ከ28 አይለፍ። ትምህርቱን ቢያንስ ከመቶ 75 እጅ የተከታተለ ይሁን። ለምርጫ ዘመቻ አንድ ተወዳዳሪ ከ5,000 ሩፒ በላይ አያውጣ፤ ሒሳቡንም ውጤቱ በተነገረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያሳይ። የታተመ የግድግዳ ማስታወቂያ ክልክል ነው፤ በእጅ የተጻፈ ብቻ ይፈቀዳል። ከእጩ ምዝገባ እስከ ውጤቱ መገለጥ ያለው ጊዜም ከ10 ቀን አይለፍ።

ጋዜጦች ብዙ የጻፉት ስለ ገንዘቡና ስለ ዕድሜው ነው። በእኛ አስተያየት ግን ከመመሪያው ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። በየዩኒቨርሲቲው፥ ምርጫው ሳይጀመር፥ አቤቱታ የሚሰማ አንድ ጉባኤ እንዲቆም ታዟል። ሰብሳቢው የተማሪዎች ጉዳይ ዲን ነው። ከእርሱ ጋር አንድ ከፍተኛ መምህር፥ አንድ ከፍተኛ የአስተዳደር ሹም፥ ሁለት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች፥ ይኸውም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይቀመጣሉ። ጉባኤው ምስክር መጥራት ይችላል። አቤቱታም ውጤቱ ከተነገረ በሦስት ሳምንት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከጉባኤው ቅር ያለው ወገን ይግባኙን ወደ ዩኒቨርሲቲው የበላይ ያቀርባል። እንግዲህ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ሁሉ ወደ ራሱ አልሰበሰበውም፤ በየግቢው ትንሽ ዳኝነት ተከለ እንጂ። ይህ ብልህነት ነው። ዳኛ በየመኝታ ቤቱ ሊዞር አይችልምና፥ የሚሻለው በዚያው በግቢው ያለው ሰው ዳኝነትን እንዲማር ማድረግ ነው።

ነገር ግን መልካም ደንብም ያለ ልክ ከተሠራበት ጉዳት አለው። በዚያው በዴልሂ ከተማ የጃዋሃርላል ኔህሩ ዩኒቨርሲቲ አለ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ራሳቸው አስመራጭ ኮሚቴ አቁመው፥ በእጅ በተጻፈ ማስታወቂያና ሌሊቱን በሚቆይ የአደባባይ ክርክር፥ ምርጫቸውን ሲያካሂዱ የኖሩበት ነው። ሆኖም አካሄዳቸው በዕድሜውና በሌሎቹ ነጥቦች ከመመሪያው ጋር ስላልተስማማ፥ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሊደረግ ጥቂት ቀናት የቀሩትን ምርጫ አገደ። እግዱ ሲነሣና ደንቡ ሲሻሻል፥ የምርምር ተማሪዎች የዕድሜ ወሰንም ከ28 ወደ 30 ከፍ ሲል፥ ዘመኑ ኅዳር 2004 ዓ.ም. ሆኖ ነበር። ምርጫው የተደረገው በየካቲት 2004 ዓ.ም. ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ዓመታቱን ቍጠራቸው። እግዱ በተሰጠበት ዓመት ለሁለት ዓመት ትምህርት የገባ ተማሪ መጽሐፉን ዘግቶ፥ ዲግሪውን ተቀብሎ፥ ሥራ ይዞ፥ ምናልባትም ትዳር መሥርቶ ሳለ የመረጠው ተወካይ አልነበረውም። የታገደው ስለ ጥቂት ተወዳዳሪዎች ዕድሜ ነበር፤ ድምፁን ያጣው ግን ተማሪው ሁሉ ነው። ስለ ጥቂት እንክርዳድ ተብሎ ማሳው በሙሉ ለሦስት ክረምት ጾሙን አደረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በቅርቡ የሆነ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ቀረበ። መራጩ ከመቶ ሺህ በላይ ነው። የሚፈለጉት ወንበሮች አራት ናቸው፤ ፕሬዚዳንት፥ ምክትል ፕሬዚዳንት፥ ጸሐፊና ምክትል ጸሐፊ። መመሪያው የታተመ ማስታወቂያ ክልክል ነው ቢልም፥ የከተማው ግድግዳ፥ የባቡር ጣቢያው፥ የኮሌጁ አጥር በተወዳዳሪዎች ስምና ፎቶግራፍ፥ በሚረጭም ቀለም ተሸፈነ። አንድ ጠበቃ አቤቱታ አቀረቡ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መስከረም 16 ቀን፥ ማለት በምርጫው ዋዜማ፥ ያልተለመደ ትእዛዝ ሰጠ። ተማሪዎቹ ድምፃቸውን ይስጡ፤ ነገር ግን ግድግዳው ሁሉ ጸድቶ እንደ ቀድሞው እስኪሆን ድረስ ድምፁ አይቈጠር።

በማግስቱ፥ እኛ መስቀልን ስናከብር በዋልንበት ዕለት፥ የዴልሂ ተማሪዎች ድምፃቸውን ሰጡ። ድምፁም ተቈልፎበት ተቀመጠ። ውጤቱ የታወቀው ኅዳር 16 ቀን፥ ከ59 ቀን በኋላ ነው። በቆጠራውም ከአራቱ ወንበሮች ሁለቱን የአንዱ ፓርቲ ተማሪዎች፥ ሁለቱን የሌላው ፓርቲ ተማሪዎች አገኙ።

ስለዚህ ትእዛዝ ምን እንበል? ዳኞቹ የተቈጡት በእውነት ነው። ደንብ ጽፎ የማያስከብር ሰው ደንብ ከሌለው ሰው የባሰ ነው። ፍርድ ቤቱም ዩኒቨርሲቲውን የወቀሰው ጥፋተኞቹን ከውድድሩ ለማስወጣት ሥልጣን እያለው ዝም ብሎ በማየቱ ነው። ደግሞም ፍርድ ቤቱ «እገሌ አሸንፏል፥ እገሌ ተሸንፏል» አላለም፤ ድምፁንም አልሻረም። ይህ የሚመሰገን ነው። የሚያሳዝነው ግን ቅጣቱ ያረፈበት ሰው ነው። ግድግዳውን ያቆሸሹት ተወዳዳሪዎችና ደጋፊዎቻቸው ነበሩ፤ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ተወካይ የተቀመጠው ግን ቀለም በእጁ ያልነካ፥ ተሰልፎ ድምፁን የሰጠ ተማሪ ነው። የአንድ ዓመት ወንበር ሁለት ወር ከተቈረጠለት ስድስተኛው እጅ ሄደ ማለት ነው።

የዚህ ነገር መድኃኒት ከድምፁ በኋላ ሳይሆን ከድምፁ በፊት መገኘት ነበረበት። ዩኒቨርሲቲውም ይህን የተማረ ይመስላል። በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ግድግዳ ቢያበላሽ የሚጠየቅበት የ100,000 ሩፒ የዋስትና ግዴታ እንዲፈርም አስቀድሞ አዘዘ። ዋስትናው ለድኻ ተማሪ ከባድ ነው የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አልቀረም፤ ተቃውሞውም ከቁም ነገር የሚገባ ነው። ቢሆንም ምርጫው መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ተደርጎ፥ ቆጠራው በማግስቱ ተፈጸመ። ዕዳው አስቀድሞ በአጥፊው ላይ ከታሰረ የሕዝቡን ድምፅ መያዣ አድርጎ ማስቀመጥ አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ወደ አሜሪካ እንለፍ። የህንዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መመሪያውን ባጸናበት በዚያው በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ስለ ተማሪዎች ምርጫ ሁለት ፍርድ ሰጥተዋል። አንዱ ተማሪውን ረታ፤ ሌላው የኮሌጁን ፕሬዚዳንት ረታ። ላይ ላዩን ሲታዩ ፍርዶቹ የተጣሉ ይመስላሉ። ውስጣቸው ሲመረመር ግን አንድ ናቸው።

የመጀመሪያው የሞንታና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው የተማሪዎች ማኅበር ደንብ አንድ ተወዳዳሪ ለዘመቻው ከ100 ዶላር በላይ ማውጣት አይችልም ነበር። አንድ ተማሪ በ1996 ዓ.ም. ከ200 ዶላር በላይ አውጥቶ ተወዳደረ፤ ድምፅም አገኘ። ማኅበሩ ግን «ደንቡን ጥሰሃል» ብሎ ወንበሩን ከለከለው። ተማሪው «ገንዘብ አውጥቶ አሳብን መግለጥ የመናገር ነጻነት ነው» ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም የተማሪዎች ምርጫ እንደ አገር ምርጫ ሳይሆን የትምህርት አንድ ክፍል ነው፤ ሀብታሙም ድኻውም ተማሪ እኩል እንዲወዳደሩ የወጪ ወሰን ማበጀት ይፈቀዳል ብሎ ማኅበሩን አጸናው።

ሁለተኛው በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የስታተን አይላንድ ኮሌጅ ጉዳይ ነው። በ1989 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ጋዜጣ በምርጫው ሰሞን በወጣው እትሙ አንዱን የተወዳዳሪዎች ቡድን ደግፎ ጻፈ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ይህ ጽሑፍ ምርጫውን አዛብቶታል ብለው ምርጫውን ሻሩት። ተማሪዎቹ ከሰሱ። የይግባኙ ፍርድ ቤት፥ ጋዜጣው አሳቡን ስለ ገለጠ ምርጫውን መሻር የጋዜጣውን ነጻነት መጣስ ነው ብሎ ፈረደ። ዛሬ ጋዜጣ በጻፈው ነገር ምርጫ ከተሻረ፥ ነገ ብዕሩን የሚያነሣ ተማሪ እጁ መንቀጥቀጡ አይቀርም።

የሁለቱን ልዩነት እንይ። በሞንታና ደንቡ ከድምፁ በፊት ተጽፎ ነበር፤ መቶው ዶላር የታወቀ ነበር፤ ደንቡን ያወጡትም የጠበቁትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። በስታተን አይላንድ ግን ቅሬታው ከጽሑፉ በኋላ መጣ፤ ፈራጁም ከላይ ነበር፤ የተቀጣውም የተጻፈ አሳብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍርድ ይባላል፤ ሁለተኛው ሥልጣን ብቻ ነው። ፍርድ ቤቶቹ «ማን ያሸንፍ» ብለው አልጠየቁም፤ «ወንበሩ በምን መንገድ ተወሰደ» ብለው ጠየቁ እንጂ።

ሆኖም ከስታተን አይላንዱ ነገር አንድ የሚመር ቁም ነገር አለ። ምርጫው የተሻረው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የይግባኙ ፍርድ የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመት ማለት ነው። ፍርዱ ለኋለኞቹ ተማሪዎች ጋሻ ሆኗል፤ ይህን አንክድም። የተሻረው የምርጫ ወራት ግን ላይመለስ አልፏል። በአገራችን አነጋገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እዚህ ላይ ለሕግ ሰዎች የሚከብድ ጥያቄ ይነሣል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 ዓ.ም. ስለ አገሪቱ የምክር ቤት ምርጫ በፈረደው ፍርድ፥ የተጀመረ ምርጫ በመካከሉ እንዳይታገድ፥ ቅር ያለው ሰው ምርጫው ካለቀ በኋላ እንዲከስስ ወስኗል። ምክንያቱም ዋዜማ ላይ የሚሰጥ እግድ የአንዱን ሰው አቤቱታ ለመስማት የሺዎችን ድምፅ ያስራል። ይህ ለአምስት ዓመት ወንበር መልካም ነው፤ አንዱ ዓመት በሙግት ቢያልፍ አራት ዓመት ይቀራል። የተማሪው ወንበር ግን የአንድ ዓመት ነው። «ካለቀ በኋላ ክሰስ» ቢሉት፥ ክሱ ሲያልቅ ወንበሩም ያልቃል፤ ከሳሹም ተመርቆ ይሄዳል። እንግዲህ በፊት ማገድ ሌሎችን ይጎዳል፤ በኋላ መስማት ከሳሹን ይጎዳል።

ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው ፍጥነት ብቻ ነው። በባንግላዴሽ በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. የሆነው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የዳካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፥ ነሐሴ 26 ቀን፥ ስለ አንድ ተወዳዳሪ ብቁነት በቀረበ አቤቱታ ምክንያት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ምርጫውን አገደ። በዚያው ዕለት የበላዩ የይግባኝ ችሎት እግዱን አነሣ፤ ምርጫውም በቀጠሮው፥ ጳጉሜን 4 ቀን ተደረገ። ፍርድ ቤት ሲፈልግ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሊፈርድ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ስለዚህ «መዝገብ በዝቷል፥ ቀጠሮ የለም» የሚለው ምክንያት በተማሪ ምርጫ ረገድ የማይበገር ግንብ አይደለም።

የሚቃወመን ሰው «ለዚህ ሁሉ ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል? ተማሪ ትምህርቱን ይማር፤ ሙግት ቢለምድ ነገረኛ ይሆናል፤ የተሸነፈም ሁሉ ለማዘግየት ብሎ ይከሳል» ይል ይሆናል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ለማዘግየት የሚከስ ሰው በእርግጥ አለ። ነገር ግን የፍርድ ቤት በር ቢዘጋ ተሸናፊው ወዴት ይሄዳል? ወደ ድንጋይ ይሄዳል። የኡጄኑ ነገር ይህን ያሳያል። ሰው በቃሉ የሚሟገትበት ሥፍራ ካጣ በእጁ ይሟገታል። ነገረኛን የሚያበዛው የዳኛ መኖር ሳይሆን የዳኛ መጥፋት ነው። ለማዘግየት የመጣውንም ሰው የሚያስታግሰው ቍርጥ ያለ ቀነ ገደብ ነው፤ የተዘጋ በር አይደለም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት መልካሙ ሥርዓት እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ዳኝነት በግቢው ውስጥ ይሁን። የቀደሙት ሰዎቻችን በመንገድ ሲጣሉ አላፊ አግዳሚውን አቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ያ ሰው የሚከበረው ማዕረግ ስላለው ሳይሆን ከሁለቱ ወገን ያልሆነ፥ በአደባባይ የሚሰማ፥ በዚያው ሰዓት የሚፈርድ ስለሆነ ነው። የግቢውም ጉባኤ እንደዚህ ይሁን። አባላቱ ከምርጫው በፊት ይታወቁ፤ ተወዳዳሪም የተወዳዳሪም ወዳጅ አይግባበት፤ የሁለቱንም ወገን ቃል ይስማ፤ በቀናት ውስጥ ይፍረድ፤ የፈረደበትንም ምክንያት ጽፎ ይስጥ። የድምፅ መስጫው ወረቀትና የቆጠራው መዝገብ የአቤቱታው ጊዜ እስኪያልፍ ታሽጎ ይቀመጥ። ብዙ ክርክር የሚጠፋው በንግግር ሳይሆን ሳጥኑ ተከፍቶ እንደገና ሲቈጠር ነውና።

ከዚያ በኋላ ቅር ያለው ወገን ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ። ዳኛውም ሦስት ነገር ይጠይቅ። ደንቡ ከድምፁ ቀድሞ ነበረን? የተከሰሰው ተሰምቷልን? ምክንያቱ ተጽፏልን? ሦስቱም ተሟልተው ከተገኙ፥ ዳኛው እርሱ ራሱ ቢሆን ሌላ ውሳኔ ይሰጥ እንደ ነበረ ቢያስብም እንኳ የግቢውን ፍርድ ያጽና። አንዱ ከጎደለ ጉዳዩን ቀን ወስኖ ይመልስ፤ ቅጣትም ካስፈለገ በአጥፊው ላይ እንጂ በመራጩ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቅ።

ይህን የምንጽፈው ለሩቅ አገር ሰዎች ብቻ አይደለም። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር ውሳኔ ከነምክንያቱ እንዲሰጥና በፍርድ ቤት ሊመረመር እንዲችል መንገድ ከፍቷል። አዋጅ ግን በራሱ አይራመድም፤ በሰው እግር ነው የሚሄደው። ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ዛሬ በጠረጴዛ የተቀመጠው ወጣት ሹም አንድ ቀን አቤቱታ በእጁ ይገባል። ምናልባት ስለ ተማሪ ምርጫ ይሆናል፤ ምናልባት ስለ ቤት፥ ስለ ዕድገት፥ ስለ ፈቃድ ይሆናል። ያን ጊዜ «አልተቀበልነውም» የምትለዋን አንዲት ቃል ጽፎ ማኅተም ማሳረፍ ቀላል ነው። አንድ ገጽ ምክንያት መጻፍ ግን ሰው ማክበር ነው። ምክንያቱን ሊጽፈው ሲቀመጥ ካጣው፥ ያን ጊዜ ስሕተቱ የራሱ መሆኑን ይወቅ።

ለተማሪዎችም የምንለው አለን። ደንባችሁን በሰላሙ ጊዜ ጻፉት። ሁለት ወገኖች ከተፋጠጡ በኋላ የሚጻፍ ደንብ፥ ልብስ ከተቀደደ በኋላ እንደሚፈለግ መርፌ ነው፤ ቢገኝም እያንዳንዱ ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ያሸነፋችሁ እንደሆነ የተሸናፊውን አቤቱታ አትፍሩት፤ ንጹሕ ድምፅ ሁለት ጊዜ ቢቈጠር አይጎድልም። የተሸነፋችሁ እንደሆነ ደግሞ ጠይቁ፥ ተከራከሩ፥ እስከ መጨረሻው ዳኛ ሂዱ፤ ከተፈረደ በኋላ ግን ለአሸናፊው እጃችሁን ዘርጉ። በሃያ ዓመቱ መሸነፍን ያልተማረ ሰው በአርባ ዓመቱ ሥልጣን ሲይዝ ማንም እንዲያሸንፈው አይፈቅድም።

የተማሪዎች ማኅበር ወንበር በእርግጥ ጭብጦ ናት፤ በአንድ ዓመት ታልቃለች። በዚህች ጭብጦ ላይ ዳኝነትን የለመደ ወጣት ግን ነገ ስለ በቅሎው፥ ስለ ርስቱ፥ ስለ አገሩም ነገር ሲነሣ ወደ ዳኛ ይሄዳል እንጂ ዱላውን አያነሣም።